ከማዳም ቤት የመጣ መድኃኒት

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወሬ አያበዛም። እኔ ግን ትንፋሼ ተመልሶልኛልና ላወራ ነው፤ የሚሰለቸው ካለ ካሁኑ ይለፈኝ። የምጽፈው ዐረብ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ በሰዓት ሥራ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ለምታጸዱ እህቶቼ ነው። ከእናንተ መካከል ደረቷ ሲር ሲር የሚል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ማዳሟ የሰጠቻትን ሰማያዊ በኻኽ የያዘች አንዲት እንኳ ካለች እስከ መጨረሻው ታንብበኝ። በኻኽ የምንለው ያው በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ነው።

ስሜ ሰናይት ነው። ማርካ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት እህቶች ጋር ተከራይተን እንኖራለን። እልፍነሽ ታላቃችን ናት፤ እዚህ አገር ከሁላችን ቀድማ የመጣች፣ ዐረብኛውን እንደ ውኃ የጠጣችው፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም «ቆይ፣ እኔ አውቃለሁ» የምትል ሴት። መሠረት ታናሻችን ናት። መሲ እንላታለን፤ ሰው ሳታስቅ አትውልም። ሦስታችንም የምናመልከው በአንድ ኅብረት ነው፣ ዓርብ ዓርብ። እኔ መዘምራን ውስጥ ነኝ።

ነገሩ የጀመረኝ በብርዱ ወራት ነው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። የማርካ ቤታችን ግድግዳው ውኃ ያወጣል፤ ብርዱ ሲጠና ሶባ የሚሉትን የጋዝ ማሞቂያ ለኩሰን በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን እንዘጋለን። ጠዋት ደግሞ ዴር ግባር ወደሚባል ሰፈር፣ ከማዳሞቼ አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ማዳም ሪማ ቤት እሄድና መታጠቢያ ቤቱን በበረኪና፣ ሽንት ቤቱን በአሲድ እፈገፍጋለሁ። አንድ ቀን ይበልጥ ይነጣልኛል ብዬ ሁለቱን ደባለቅኳቸው። ዐይኔና ጉሮሮዬ ሲቃጠል በረንዳ ወጥቼ ተነፈስኩና ተመልሼ ጨረስኩት። ጎበዝ ሠራተኛ መሆኔ ነበር። እህቶቼ፣ እነዚህን ሁለቱን በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ጤነኛ ሳንባም ያቃጥላል።

ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ወንበሩ ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ስጠብቅ፣ አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት ሳሌን ሰምታ ሕፃኑን ወደ ሌላ ጎኗ አዞረችው። ሐኪሙ ጀርባዬን ሳያዳምጥ ብርድ ነው አለኝና አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ያንን ጨረስኩ፤ ሳሉ ግን ብሶበት ቁጭ አለ። ተመልሼ ስሄድ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ «ሐሳሲያ» አሉኝ፣ አለርጂ ማለት ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ሰጡኝ። እሱን ውጬ ባስ ውስጥ ተኝቼ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ሾፌሩ «ያ ኡኽቲ፣ ኸላስ፣ ወሰልና» ብሎ ቀሰቀሰኝ፤ ደርሰናል ማለቱ ነው። የት እንደደረስን ግን እኔ አላወቅኩም።

ሌሊቱን ትራስ ደራርቤ፣ ቁጭ ብዬ ነበር የማነጋው። መሲ ዐይኗን ሳትገልጥ «አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። ሞትን ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ታምሜ አገሬ መመለሱንም ፈርቼ ነበር። ያሳደገችኝ እናቴ እኔን ነው የምታየው፤ ጤና ከሌለኝ ደግሞ እዚህ የሚያቆየኝ ሥራ የለም። ስትደውል ሳሌ እንዳይሰማት ማይኩን እየዘጋሁ አወራት ነበር። ከሁሉ የከፋኝ ሳቅ ነው። ከሳቅኩ ሳል ይይዘኝና አያስጨርሰኝም። መሲ ቀልድ ልትጀምር ስትል እልፍነሽ «ተይ፣ ትገያታለሽ» እያለች አፏን ታስይዛት ነበር።

አንድ ቀን ማዳም ሪማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ።

«ሹ ማልክ ያ ሰናይት?» አለችኝ። ምን ሆንሽ ማለቷ ነው።

«ነፈስ፣ ማዳም» አልኩ፤ ትንፋሽ አጠረኝ ለማለት።

ትንሹ ልጇ አስም አለበት። ሮጣ የእሱን በኻኽ አመጣችና «ኹዲ፣ ኹዲ» ብላ ሰጠችኝ። አፌ ውስጥ ነፋሁት። ደረቴ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ያን ሁሉ ክሊኒክ ያዳረስኩትን ሴት አንድ ሰማያዊ በኻኽ ገላገለኝ ብዬ አለቀስኩ። ማዳምም ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ላንቺ ይሁን፣ እኛ ሌላ አለን» አለችኝ። መልካም ሴት ናት፤ ዛሬም መልካም ናት።

አሁን የቤታችንን ልማድ ልንገራችሁ፣ ጦሱ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ማዳሞች ይሰጣሉ። ልብስ፣ መቅሉባ ከሚሉት የሩዝ ምግብ የተረፈ፣ ጀብነ የሚሉትን አይብ ይሰጣሉ። መድኃኒትም ይሰጣሉ። ልጁ ሲድን የተረፈውን ሽሮፕ፣ አሮጊቷ ሲሞቱ የተረፈውን ክኒን፣ «ሐራም ነው፣ አይጣልም» ብለው በፌስታል ጠቅልለው ያስይዙናል። እኛ ዓርብ ከአምልኮ ስንመለስ ሦስታችንም ፌስታላችንን ምንጣፉ ላይ እንዘረግፋለን። ይኼ ላንቺ፣ ይኼ ለእኔ፣ ለብቻው የሚበላ የለም። መድኃኒቱ ግን አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የቆርቆሮው ኃላፊ እልፍነሽ ናት። የሰፈሩ ሐበሻ ራሱን ሲያመው፣ ሆዱን ሲቆርጠው፣ «እልፌ ጋ ሂዱ» ይባላል።

እህቶቼ በኻኹ እንደረዳኝ ሲያዩ በየማዳሞቻቸው ቤት ይጠይቁልኝ ጀመር። ከየቤቱ አንድ፣ ግማሹ የተነካ፣ አንዳንዱ ቀኑ ያለፈበት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ቆርቆሮው ውስጥ ይጠብቀኛል። በረከት ነበር ያልኩት። ራሴ ፋርማሲ ሄጄ የምገዛው ቢሆን ኖሮ ፋርማሲስቱም ይጠይቀኝ፣ እኔም እደነግጥ ነበር። ስጦታ ሲሆን ግን ማን ይቆጥራል።

አጠቃቀሙንም ያሳየኝ ሰው የለም። አፌን ከፍቼ እንደ ሽቶ ምላሴ ላይ እረጨው ነበር፤ አብዛኛው እዚያው አፌ ውስጥ ይቀራል። ስላልበቃኝ እደግማለሁ። ደረጃ ከመውጣቴ በፊት እነፋለሁ፣ በረኪናውን ከመክፈቴ በፊት እነፋለሁ፣ ከመዘመሬ በፊት እነፋለሁ። ከቀን ወደ ቀን እፎይታው እያጠረ ሄደ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ማዳም ሪማ ቤት የሻይ ብርጭቆ አምልጦኝ ተሰበረ። ልቤ ደግሞ ተቀምጬ ሳለሁ የሮጥኩ ያህል ይመታል። እኔ ሌላ በሽታ የተጨመረብኝ መስሎኝ ነበር። በኻኹ ያመጣው ነው ብዬ በምን ልጠርጥር?

አንድ ዓርብ ከአምልኮ መልስ ለእልፍነሽ እጄን ዘርግቼ መንቀጥቀጡን አሳየኋት። ልቤንም በእጇ ዳሰሰችው። ቆርቆሮውን ከፍታ ክኒን አወጣች።

«ይኼ የሐጃዋ ነው» አለችኝ፤ ሐጃ የምትላቸው ስትንከባከባቸው የቆየችው አሮጊት ናቸው። «ልባቸው ሲመታባቸው ልጃቸው ይህን ትሰጣቸው ነበር። ወዲያው ይረጋጋሉ። በዐይኔ አይቻለሁ።»

«ለእኔስ ይሆናል?»

«ልብ ያው ልብ ነው፣ እህቴ። ዋጪው።»

መሲ ውኃ አመጣች። እጃችንን ዘርግተን ጸለይንበትና ዋጥኩት። ሳንጸልይ ምን እንውጣለን?

ለምሳ የጣድነው ምስር ወጥ ሳይበስል ልቤ ጸጥ አለ። እልፍነሽ «አላልኩሽም?» አለች። ብዙም አልቆየ፣ ደረቴ በገመድ እንደታሰረ ይጠብቅ ጀመር። ያቺን መጥበቅ ስለማውቃት አልደነገጥኩም፤ በኻኹን ነፋሁ። አልተከፈተም። ደገምኩት። ምንም። ያ ሁልጊዜ የሚያድነኝ ነገር እጄ ላይ ውኃ ሆነ። የዚያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅኩት። ለመናገር ብሞክር ቃል አልወጣ አለኝ። ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር ብለውኛል በኋላ።

ዓርብ ስለሆነ ባስ የለም። ጎረቤታችን አቡ ኻሊድ አትክልት የሚያዞርባት ፒክአፕ አለችው፤ እልፍነሽ በሩን ስትደበድበው ምሳውን ትቶ ተነሣ። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። መሲ ቆርቆሮውን እንዳለ ታቅፋ ከኋላ ወጣች። ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቀውም። «ሐኪም ቤት ባዶ እጅ ከሚኬድ ብዬ ነው» ትላለች እስካሁን።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ወዲያው ጭንብል አጠለቁልኝ፤ መድኃኒቱ በጉም መልክ የሚገባበት ነው። እልፍነሽ በር ላይ ትቀራለች ብዬ ነበር። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ካለፈበት ቆይቷል፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ካየች መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። እሷ ግን አልጋዬ ድረስ ገብታ እግሬን ይዛ ቆመች።

ጉሙ እንደሚጠበቀው አልሠራም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደረቴን አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። «ምን ወስዳ ነበር?» ብላ ጠየቀች። መሲ ቆርቆሮውን አቀረበችላት። ሐኪሟ ክዳኑን ስትከፍት የሽሮፕ ጠርሙስ፣ የክኒን ካርቶን፣ የበኻኽ ዓይነት ተንጋግቶ አየችው። «ከዚህ ውስጥ ዛሬ የሰጣት ሰው አለ?»

 እኔ መናገር አልችልም። መሲ የትኛው ክኒን እንደሆነ አታውቅም። እልፍነሽ ዘበኛውን አየች፣ እኔን አየች።

«አና» አለች። እኔ። ቀጥላም እጇን ቆርቆሮው ውስጥ ከታ የሐጃዋን ክኒን አወጣችና «ይኼን እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች በዐረብኛ።

ሐኪሟ የክኒኑን ስም አንብባ ነርሶቹን ጠራች። ሌላ ዓይነት ጉም ጨመሩበት፣ በደም ሥሬም መድኃኒት ሰጡኝ። ደረቴ እንደ ልማዱ ብርግድ ብሎ አልተከፈተም፤ በጭላንጭል፣ በጭላንጭል እየሰፋ ነው የመጣው። እልፍነሽን ወረቀት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሐኪሟ ብቻ ሲረጋጋ መጥታ «ባትናገሪ ኖሮ ምክንያቱን ስንፈልግ ጊዜ ያልፍብን ነበር» አለቻት። እልፍነሽ ኮሪደር ወጥታ ወለል ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሐኪሟ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በሽታሽ አስም ነው አለችኝ። እኔ አስም ከልጅነት ብቻ የሚጀምር በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊው በኻኽ ተጨምድዶ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ያላላል፤ ቧንቧው ውስጥ ያለውን እብጠት ግን አይነካውም። ለዚህ ነው እኔ እየነፋሁ፣ በሽታው ከሥር ሲያድግ የከረመው። እጄን ያንቀጠቀጠውና ልቤን ያሯሯጠው መብዛቱ ነው። የሐጃዋ ክኒን ደግሞ ቤታ ብሎከር ከሚሏቸው ነው፤ ለታዘዘለት ሰው መልካም ነው፣ አስም ላለበት ግን ቧንቧውን ሊያጠብ ይችላል። «በኻኹ በሩን ከውጭ ይገፋል፤ ክኒኑ ከውስጥ ቆልፎበት ነበር» አለችኝ። ይኼ ገባኝ።

ሒሳቡን ማዳም ሪማና ኅብረታችን ተጋግዘው ዘጉልኝ። ጌታ ይባርካቸው፤ ከዚህ በላይ አላወራበትም።

ከሐኪም ቤት የወጣሁት ሁለት በኻኽ ይዤ ነው። አንዱ በየቀኑ፣ ደህና በሆንኩበትም ቀን፣ ጠዋትና ማታ የምወስደው ነው። እብጠቱን የሚያበርደው እሱ ነው። ስትነፉት ምንም የተሰማችሁ አይመስላችሁም፤ «አይሠራም» ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሥራው ዝግ ያለ ነው። ከእሱ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አፍ ያቆስላል። ሌላው ያው ሰማያዊው ነው፤ ሲያፍነኝ ብቻ። ቀለሙ በየፋብሪካው ሊለያይ ስለሚችል የትኛው የትኛው እንደሆነ ፋርማሲስቱን አስጽፉ። ሰማያዊው በሳምንት ከአንድ ሁለቴ በላይ ካስፈለጋችሁ በሽታው አምልጧችኋልና ሐኪም ጋ ሂዱ። ነፍታችሁት ካልከፈተላችሁ፣ ወይም ከፍቶ ወዲያው ከተመለሰባችሁ፣ ሌላ ነገር አትሞክሩ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። የልብና የግፊት መድኃኒት የታዘዘላችሁም ይህን አንብባችሁ በገዛ እጃችሁ አታቁሙ። «አስም አለብኝ» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አነፋፉንም ነርሷ እስኪሰለቻት አለማመደችኝ። ነቅንቂው፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ በከንፈርሽ ግጥም አድርጊ፣ ስትጫኚው ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ከዚያ ያዢው። ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ከበኻኹ ጫፍ የሚገጠም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ከመቅረት ይተርፋል። ያ ሁሉ ወር ሽቶ ስቀባ ኖሬያለሁ።

እናቴንም ነገርኳት። «በይ ነይ፣ እኔ አስታምምሻለሁ» ብላ አለቀሰች። መድኃኒቴን በካሜራ እያሳየሁ ሁሉንም አስረዳኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ ታሳድገን የነበረች ሴት ናት፤ ይኼንኑ መልሳ ወቀሰችኝ። ማዳም ሪማ ቤት ስመለስ ደግሞ «ማዳም፣ ከእንግዲህ በረኪና የለም፤ ሳሙናና ኮምጣጤ፣ መስኮት ተከፍቶ» አልኳት። ኮምጣጤውንም በረኪና ያለበት ቦታ አላደርስም። «ሓድር» አለችኝ፣ እሺ ማለት ነው፤ እኔ ለእሷ ሁልጊዜ እንደምመልሰው። ተሳሳቅን። ለሌሎቹም ማዳሞቼ እንዲሁ ነገርኳቸው፤ እምቢ ያለችው አንዷ ብቻ ናት፣ የእሷን ቤት ሥራ ተውኩት።

የከበደኝ እልፍነሽ ናት። ከዚያ ቀን ወዲያ ለእኔ ምንም አታቀብለኝም። ጨው አቀብዪኝ ስላት መሲን ታያለች። ቆርቆሮውን መሲ ፋርማሲ ወስዳ አስረከበችው፤ ዓርብ ዓርብ ምንጣፉ ላይ መዘርገፉም ቀረ። እልፍነሽ ማዳሟ የሰጠቻትን ሁሉ እዚያው ጥላ ትመጣ ጀመር።

«እልፌ፣ ያተረፍሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አልኳት።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለችኝ። «ተይኝ፣ ሰናይት። እጄን ፈርቼዋለሁ።»

ተውኳት። ምን ላድርግ?

የአሸዋው ንፋስ ወራት መጣ። እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ቢጫ ይሆንና አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። በእንዲህ ያለ ዓርብ ከአምልኮ ስንመለስ ደረቴ ያዘኝ። ቤት እንደገባን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቦርሳዬ በሩ አጠገብ ቀርቷል። መሲ ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ገብታለች። ከእኔ ጋር ያለችው እልፍነሽ ብቻ ናት። በጣቴ ቦርሳውን አሳየኋት።

ቦርሳውን ከፈተች። ሁለቱንም በኻኽ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ፊቷ አመድ ሆነ።

«የቱ ነው?» አለችኝ። «እኔ አላውቅም። መሲን ልጥራ።»

በእጄ ወደ ሰማያዊው አመለከትኩ። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ ላዩን አነበበች። እንደገና አነበበችው። ቱቦውን ገጠመች፣ ነቀነቀችው፣ አፌ ላይ አደረገችልኝ፤ ነርሷ ስታለማምደኝ አጠገቤ ቆማ ለካ ሁሉንም ይዛዋለች። «ትንፋሽሽን አውጪ» አለችኝ። ተጫነችው። ሳብኩ። ያዝኩት። ጠበቀችና እንደገና ተጫነችው። ሐኪሟ የፈቀደችልኝን ያህል፣ ከዚያ አላለፈችም። ጀርባዬን ቀና አድርጋ ይዛ ትንፋሼን ስታዳምጥ ቆየች። ተከፈተ።

መሲ ዳቦውን ይዛ ስትገባ ሁለታችንም እያለቀስን አገኘችን። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለች እልፍነሽ።

በሚቀጥለው ዓርብ እልፍነሽ ፌስታሏን አምጥታ ምንጣፉ መሐል ዘረገፈችው። ጀብነ፣ የወይራ ፍሬ፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ እሽግ ሐላዋ። ሐላዋውን ቆረሰችና ልትሰጠኝ እጇን ዘርግታ መሐል ላይ ቆመች።

«ሐኪምሽ ሐላዋ ፈቅዳልሻለች?»

«እልፌ፣ ሐላዋ እኮ ነው።»

«ጠይቀሻል ወይስ አልጠየቅሽም?»

መሲ ቀድማ ፈነዳች። ከእሷ ቀጥሎ እኔ ሳቅኩ፤ እስኪበቃኝ ሳቅኩ። እልፍነሽ ሐላዋውን እንደያዘች ሳሉን ስትጠብቅ ዐይኗን ከደረቴ አልነቀለችም። አልመጣም። ያን ጊዜ ሐላዋውን በእጇ አጎረሰችኝ።